ባንኮክ ላይ ገበያ ለሚወጣ አስታማሚ

ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚው ገበያ መውጣት እየፈራ በብስኩትና በሻይ ይሰነብታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የታይላንድ ገበያ ምን ማየት እንዳለበት ላወቀ ሰው ጥሩ ማዕድ ነው።

ለጀማሪ ኦር ቶር ኮር የተባለው ገበያ ይመቻል። ከታወቀው የቻቱቻክ ገበያ ማዶ፣ ከካምፌንግ ፌት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ቢልም ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነው። ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ ማንጎስቲኑን ገዝታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ራሳችሁ ልጣችሁ ብሉ። ዱሪያን የተባለው ፍሬ ግን ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ ሆቴሎች አያስገቡትም፤ እዚያው ቅመሱት።

የበሰለ ምግብ ስትገዙ መጀመሪያ እሳቱን እዩ። ተህዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። አንዳንዶቹ ተህዋስያን የሚተዉት መርዝ ደግሞ ምግቡ ቢሞቅም አይጠፋም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በትሪ የተቀመጠውን ትታችሁ ዓይናችሁ እያየ የሚጠበሰውን ምረጡ። የአገሩ ሰው የተሰለፈበት ድስት ቶሎ ስለሚያልቅ ምግቡ አይከርምም።

ለምትጾሙ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ጥብስ ብዙ ጊዜ ናም ፕላ በተባለ የዓሣ ፈሳሽ ይቀመማል፤ የወጡ ድልህም የተፈጨ ሽሪምፕ አይጠፋውም። ሻጩን «ጄ» ብላችሁ ጠይቁ። ጄ የተባለ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው። ሙስሊም አድማጮቼ የሐላል ምልክት ያለበትን ሱቅ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እኛ ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ነን፤ የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ሰዎችም ኮይ ፕላ የሚሉት ጥሬ የወንዝ ዓሣ አላቸው። በዚህ ዓሣ ውስጥ የሚገኝ የጉበት ትል በሐሞት ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ሎሚና በርበሬ እርግጠኛ መከላከያ አይሆኑትም። ዓሣው በደንብ ያልበሰለ ከሆነ አትንኩት።

ለሕመምተኛው ከገበያ ምግብ ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ በተለይ የካንሰር መድኃኒት ለሚወስድ ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ሰው ትንሽ ብክለት እንኳ አደገኛ ነው። እናንተ አስታማሚዎች ግን በብስኩት አትዋሉ፤ ወጥታችሁ ትኩሱን ብሉ። የሚያስታምም ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል።