የስኳር ሕመምና የዓይን ድርቀት
ለዓመታት የቆየ የስኳር ሕመም የኮርኒያን (የዓይኑን የፊት ግልጽ ሽፋን) ነርቮች ያደነዝዛል፤ የዓይኑ መድረቅ ስለማይታወቅ እንባ አመንጪው ዕጢ በበቂ አይሠራም። መቆርቆር፣ ማቃጠልና መቅላት ይከተላል። በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ይህን የሚያባብስ አይጠፋም፦ የእንጦጦ ደረቅ የበጋ ነፋስ፣ የማገዶ ጭስ፣ በሽሮ ሜዳ ደግሞ ዓይንን ክር ላይ ተክሎ የሚዋልበት የሽመና ሥራ።

የእፎይታው መነሻ የደም ስኳርን መቆጣጠር ነው። ሰው ሠራሽ እንባም ይረዳል፤ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጨመር ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ይመረጣል። ለብ ባለ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይደረጋል፤ ጣቶቹ ለደነዘዙበት ሕመምተኛ ሙቀቱን ሌላ ሰው ቢለካለት ይሻላል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይጨመርም፤ የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ እዚያው ክፍለ ከተማ ወዳለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው። ይኸው ሕመም የሚጎዳው ሬቲና (ከዓይኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ደግሞ ምንም ባይሰማም በየዓመቱ ይመረመራል።