ኮራሉ ሲኮማተር፦ አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?

በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በሦስት አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ንግግሩን ያዘጋጀነው በምንሠራባቸው ቤቶች ሳሎን ውስጥ የባሕር ውኃ አኳሪየም የምንጠብቅ ሦስት አባላት ነን። ወደዚህ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ስንመጣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ መያዝ እንደሚጠብቀን እናውቅ ነበር። ስለ ኮራል የነገረን ግን አልነበረም። አብዛኞቻችን ባሕርን ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በአውሮፕላን መስኮት ነው።

ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ኮራሉን የሚገዛው አሠሪው ነው፤ ባለሙያው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በየቀኑ የምታየው ደግሞ ሠራተኛዋ ናት። ትናንት እንደ አበባ ተከፍቶ የነበረው ኮራል ዛሬ ተኮማትሮ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አድርገሽበት ነው?» የሚል ነው። ከደመወዝሽ ይቆረጣል የተባለችም እኅት በመካከላችን አለች። ስለዚህ ይህን ማወቅ ለእኛ እንጀራችንን መጠበቅ ነው። ትንሽ ቆይተን እንደምንናገረው፣ ጤናችንንም መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያ ኮራል ምንድን ነው? ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በአካሉ ላይ ያሉት ትናንሽ አበባ መሰል ነገሮች ፖሊፕ ይባላሉ፤ እያንዳንዱም አፍ አለው። ለስላሳ ኮራል እንደ ሌሎቹ የድንጋይ አጥንት አይሠራም፤ ስለዚህ ውኃው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይወዛወዛል። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከመብራቱ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል። በቤቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ሌዘር ኮራል የሚባለው ባለ ቆብ፣ እንደ እጅ ጨበጥ ዘርጋ የሚለው ዜኒያ፣ እንጉዳይ ኮራልና በድንጋይ ላይ እንደ ቁልፍ ተደርድሮ የሚበቅለው ዞዋንቲድ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሳይንስ ሌላ ወገን ቢሆኑም አያያዛቸው ተመሳሳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአገራችን ማታ መብራት ድርግም ሲል መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? በመስኮት ጎረቤትን እናያለን። ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ ችግሩ ከመሥመሩ ነው፤ የእኛ ቤት ብቻ ከሆነ አምፖሉን ወይም ቆጣሪውን እናያለን። ኮራልም እንዲሁ ነው። እጃችንን ከመስደዳችን በፊት «የተዘጋው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?» ብለን እንጠይቅ።

ሁሉም ከተዘጉ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው ነው። ከሙቀት እንጀምር። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ቤተሰቡ ለበጋ ዕረፍት ሲሄድ ኤሲው ተዘግቶ ከሆነ ውኃው ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ አደገኛ ነው። ቀጥሎ ጨውን እንይ። ሪፍራክቶሜትር በሚባለው መለኪያ 1.025 አካባቢ፣ ማለትም በሺህ 35 መሆን አለበት። ውኃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። 200 ሊትር ውኃ ካለው ገንዳ 10 ሊትር ቢተን፣ 35 የነበረው ጨው ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚሞላው በየቀኑ፣ ጨው በሌለው፣ በማጣሪያ ባለፈ ንጹሕ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበትና በቀጥታ አይጨመርም።

ከዚያ ባለሙያው የተወው የመመርመሪያ ዕቃ ካለ እንጠቀምበት። አሞኒያ ዜሮ መሆን አለበት። አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች ቢሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቀን ቀን ባይዘል ጥሩ ነው። ናይትሬት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ውኃው በጣም ንጹሕ ሲሆን የሚሻል ይመስላቸዋል። ለስላሳ ኮራል ግን ከ5 እስከ 20 ያህል ናይትሬት ባለበት ደኅና ይኖራል፤ ፈጽሞ ዜሮ ሲሆን እየቀጨጨ ሊሄድ ይችላል።

ልኬቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ኮራሎቹ ከተዘጉ፣ በሳሎኑ ውስጥ ምን እንደተረጨ እናስታውስ። ስኪመር የሚባለው አረፋ እያወጣ ቆሻሻ የሚለየው ዕቃ አየሩን የሚስበው ከክፍሉ ነው። በክፍሉ የተነፋ የበረሮ ወይም የትንኝ መርዝ በዚያ በኩል ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል፤ ለነፍሳት የተሠራ መርዝ ሽሪምፕንም ይገድላል። የመስታወት ማጽጃ ሲያስፈልግ በጨርቅ ላይ፣ ያውም ከገንዳው ርቀን እንርጨው። እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ቅባትና ሳሙና እንዳይኖርበት በውኃ ብቻ ደጋግመን እንለቅለቀው። ለዓሣ ሕመም ተብሎ የሚጨመር መዳብ ያለበት መድኃኒትም ኮራልን ይጎዳል፤ ማንም ቢያዝዘን «ባለሙያውን ልጠይቅ» እንበል። እንዲህ ያለ ነገር ገብቷል ብለን ከጠረጠርን መፍትሔው ከውኃው ጥቂቱን በአዲስ መለወጥና ካርቦን የሚባለውን ጥቁር ማጣሪያ ማደስ ነው። አዲሱ ውኃ በጨውም በሙቀትም ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን።

የተዘጋው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ውኃውን ተዉት፤ እሱን ራሱንና ጎረቤቶቹን እዩ። ሌዘር ኮራል ከሆነ፣ ቆቡ እንደ ሰም እያብረቀረቀ ፖሊፖቹን ካስገባ፣ አልታመመም፤ ሽፋኑን እየለወጠ ነው። ከጥቂት ቀናት እስከ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ውኃው በዙሪያው ደኅና ከተንቀሳቀሰ ሽፋኑ ይረግፍና እንደገና ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ሞተ ብሎ የጣለ ሰው ሕያው ነገር ጣለ ማለት ነው።

ሽፋን መለወጥ ካልሆነ የፓምፑን ግፊት እንይ። ውኃው በቀጥታ እየመታው ወደ አንድ ወገን ካጎነበሰ ግፊቱ በዝቶበታል፤ ቆሻሻ ከተከመረበት ደግሞ አንሶታል። ከዚያ ብርሃኑን እንይ። እንደ ድርቆሽ ቀጥኖ ወደ ላይ ከተንጠራራ ብርሃን አጥሮታል። አዲስ መብራት ከተገጠመ በኋላ ከነጣ ደግሞ በዝቶበታል፤ የመብራቱ ኃይል ዝቅ ተደርጎ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ቀስ እያለ ይጨመር። ጎረቤትም አለ። ሌዘር ኮራል ቦታውን ለማስከበር ሌሎችን የሚጎዳ ኬሚካል ወደ ውኃው ይለቃል፤ ካርቦኑን ማደስና ማራራቅ ይረዳል። በመጨረሻም መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ እንፈልግ። ኮራል የሚበሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚወጡት በጨለማ ነው። ቡናማ ልፋጭ ሆኖ የሚሸት ኮራል ካለ ግን እየበሰበሰ ነውና ሌላውን ሳያበላሽ እንዲወጣ ለባለሙያው በዚያው ቀን ይነገር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ኮራል ሲዘጋ ደንግጦ መብራቱንም፣ ፓምፑንም፣ ውኃውንም በአንድ ቀን መለወጥ ነገሩን ያባብሳል። አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ውኃው ካልተመረዘ በቀር ጥቂት ቀን ጠብቀን እንይ። ያኔ የረዳውን እናውቃለን።

እኅቶቻችን፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። አንዳንዶቹ ዞዋንቲዶች ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አለባቸው። ኮራሉ በቦታው ተቀምጦ ሳለ አየሩን አይመርዝም። አደጋው የሚመጣው ድንጋዩ በብሩሽ ሲፈገፈግ፣ ሲቆረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ወይም ሲቀቀል ነው፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በ2018 በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ ከቤት አኳሪየም ኮራል ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ተመርዞ ሆስፒታል ገብቷል። እኛ ደግሞ «ድንጋዩን በፈላ ውኃ እጠቢው» ብንባል እሺ የማለት ልማድ አለን። ለዚህ ግን እሺ አንበል። «ማዳም፣ ይህ መርዝ አለው፤ ልጆቹንም ይጎዳል፤ ባለሙያው ይሥራው» እንበል። ልጆቹን ከጠቀስን ብዙ ጊዜ እንሰማለን።

ድንጋዩን መንካት ግድ ከሆነ ረጅም የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር እናድርግ፤ እጁ የቆሰለ አይንካው። ከነካን በኋላ አፋችን መራራ ወይም ብረት ብረት ካለን፣ ብርድ ብርድ ካለን፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም ወይም የዓይን መቅላት ከመጣ፣ ሁላችንም ከክፍሉ እንውጣና ወዲያው ወደ ሐኪም እንሂድ። ለሐኪሙ «የአኳሪየም ኮራል ነክቻለሁ፣ ፓሊቶክሲን ሊሆን ይችላል» ብለን ስሙን ጠርተን እንንገር፤ ካልነገርነው ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። ሌላው ኤሌክትሪክ ነው፤ እጃችንን ወደ ውኃው ከመስደዳችን በፊት ፓምፑንና ማሞቂያውን ከሶኬት እንንቀል፤ ስንጨርስ መልሰን መሰካቱንም አንርሳ።

አንድ ምክር ቀረን። አንድ ደብተር ከገንዳው አጠገብ ይቀመጥ። በየቀኑ ሙቀቱን፣ ጨውንና የተሞላውን ውኃ፣ ባለሙያው የመጣበትን ቀን፣ አዲስ የገባውን ዓሣ ወይም መብራት እንጻፍ፤ በአማርኛም ቢሆን ቁጥሩን ሁሉም ያነበዋል። ከደመወዝሽ ይቆረጣል ተብላ የነበረችው እኅታችን ያዳናት ይኸው ደብተር ነው። ሙቀቱ የጨመረው ኤሲው እንዲዘጋ በታዘዘበት ሳምንት መሆኑን ከነቀኑ አሳየች፤ ጉዳዩም በዚያው ቀረ። በአፍ ብትናገር ኖሮ የሚሰማት ባልኖረ።

መለኪያ የሌላችሁ፣ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ፣ ወይም «አልነካም» ለማለት የፈራችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኛ ኑ። የደብተሩን አሞላል ከሻይ ጋር እናሳያችኋለን፤ ለማዳም የሚነገረውንም በዐረብኛ አብረን እንለማመዳለን።