ለእድር የተጻፈ ልጅ ለጤና መድንም ይጻፍ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ውኃ መውረጃው ቦይና ስለ ጥበቃዎቹ ደመወዝ ሊቀመንበራችን ተናግረዋል፤ እኔ ወደዚያ አልመለስም። የእኔ ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም የልጆቻችን ጤና መድን ነው። ንግግሩ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አሳጥሮ መናገር ደግሞ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተ። አንደኛው የእድራችን መዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ ከመዝጋቢዋ ጋር ተቀምጠን ያየነው፣ የቀበሌው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዝገብ ነው። በእድሩ መዝገብ የእያንዳንዱ ቤት ልጆች በየስማቸው አሉ። ገና በቅርብ የተወለደው ሳይቀር ተጽፏል፤ አይበለውና አንድ ነገር ቢደርስ ድንኳኑ እንዲተከል፣ ገንዘቡም እንዲሰጥ ነው። በጤና መድኑ መዝገብ ግን ጭራሹን የሌለ ቤት ብዙ ነው። ካሉትም ውስጥ አባትና እናት ተጽፈው ልጆቹ የቀሩበት አለ፤ ትልልቆቹ ተጽፈው ኋላ የመጣው ሕፃን የተረሳበት አለ። እንግዲህ ልጁ ለቀብሩ ተመዝግቧል፣ ለሕክምናው ግን አልተመዘገበም ማለት ነው። ይህን ባየን ጊዜ ከኮሚቴው አባላት አንዱም የሚናገረው አልነበረው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት ዞርን። ቡናም ጠጣን፣ ተግሣጽም ሰማን። ያገኘነውን መልስ ላንሣ።

አንዳንዱ «ሕፃናትን መንግሥት በነፃ ያክም የለም ወይ?» ይላል። እውነት የሆነ ነገር አለበት። ክትባት በነፃ ነው፤ በጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንደዚሁ። ይህ ደብተር ላለውም ለሌለውም አንድ ነው። ነገር ግን ልጁ ሌሊት አስሎት፣ ተቅማጥ አጣድፎት፣ ወይም ከዛፍ ወድቆ እጁ ቢሰበር፣ ካርዱም፣ ላቦራቶሪውም፣ ራጁም፣ መድኃኒቱም፣ መኝታውም ይከፈልበታል። እናቶች በነፃ ክትባቱ ተጽናንተው ሌላውም በነፃ የሚሆን ይመስላቸዋል።

ሌላው ደግሞ «አምስት ልጆች አሉኝ፤ በየነፍሱ ከፍዬ እዘልቀዋለሁ ወይ?» ይላል። ይኸው ነው በደንብ ያልተነገረው። መዋጮው የሚቆጠረው በቤተሰብ ነው። አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይገባሉ። ተጨማሪ የሚጠየቀው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ በቤቱ ለሚኖር ነው። ታዲያ መዋጮውን ከፍሎ የልጁን ስም ያላስጻፈ ሰው የገዛ ገንዘቡን ጥሎ ነው የመጣው። ሕፃን ስትወልዱም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና ስሙን አስገቡ። የዘንድሮው መዋጮ ልክ በቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል፤ በየቦታው ስለሚለያይ የሌላ ከተማ ዘመድ የነገራችሁን አትያዙ።

ከሁሉ የከበደኝ መልስ «ልጆቼ ጤነኞች ናቸው» የሚለው ነው። እስቲ አስቡት፤ የታመመ ብቻ ቢመዘገብ ሣጥኑ በሁለት ወር ባዶ ይቀራል። አሠራሩ ከዕቁብ ይልቅ እድርን ይመስላል፤ ዘንድሮ ያልደረሰበት ለደረሰበት ይከፍላል። ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት፤ ከደቡብም ይርጋለም ነበረች። ገበሬው ሞክሮት ከዚያ በኋላ ነው ወደየአገሩ የተስፋፋው። እኛ የከተማ ሰዎች «እናውቃለን» እያልን ከገበሬው ኋላ ቀረን።

ደግሞስ ጤነኛ ልጅ የሚታመመው ተነግሮት ነው? የሳንባ ምች እንዴት እንደሚያጣድፍ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለኮሚቴው አስረድታናለች፤ እናንተም ያዙት። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን አይደርም። አሁን ገንዘብ የሌላት እናት ምን ታደርጋለች? ትቆያለች። «ነገ ይሻለው ይሆናል» ትላለች። ጎረቤት ትለምናለች፣ ሰኞ እስኪደርስ ትጠብቃለች፣ ፌጦና ዝንጅብል ታጠጣዋለች። ልጁን ለአደጋ የሚሰጠው ይህ መቆየት ነው። ደብተር ያላት እናት ግን ቶሎ ትሄዳለች፤ ቶሎ የተያዘ የሳንባ ምች ደግሞ ብዙ ጊዜ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ይድናል።

«ደብተር ይዤ ብሄድ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ ይሉኛል» ላላችሁ፣ ይህን አቤቱታ ሐሰት አልለውም። ይደርሳል። ከፍለው መዋጮ ከፍለው መልሶ ከኪስ ማውጣት ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል። ቢሆንም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። መጀመሪያ ጤና መድኑ ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት እንዳለ ጠይቁ፤ በአንዳንድ ከተማ አለ። ከሌለ ማዘዣውንና ደረሰኙን ሳትጥሉ ለማኅበሩ አምጡ። እኛ ሰብስበን ለወረዳው ጤና መድን ክፍል በጽሑፍ እናቀርባለን። አንድ ሰው ሲጮህ ጠበኛ ይባላል፤ ሠላሳ ማዘዣ በአንድ ላይ ሲቀርብ ግን ምን ይባላል? ያን ጊዜ መልስ መስጠት ግድ ነው።

አሁን ስለ ድሆቻችን። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል፤ የሚመረጡት ግን በነዋሪው ነው፣ ማለትም በእኛ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ፈራሁ። አንደኛው፣ ችግረኛው ራሱ አፍሮ ስሙን አይሰጥም፤ በተለይ ባሏ የሞተባት፣ ቀን ሥራ ውላ ልጆች የምታሳድግ ሴት። ሁለተኛው፣ የኮሚቴ ዘመድ ይገባና እሷ ትቀራለች። ስለዚህ የእኔ አሳብ ዝርዝሩ በጽሕፈት ቤት ከመግባቱ በፊት በዚሁ ስብሰባ ይነበብ ነው። ሊቀመንበሩ «ሰው ያሳፍራል» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው፤ ግን ተደብቆ ከሚበደል አፍሮ ቢገባ ይሻላል ባይ ነኝ። ውሳኔው የናንተ ነው።

አንድ የቀረኝ በሰው ቤት ስላሉ ልጆች ነው። ከገጠር መጥታ በአክስቷ ቤት የምትማር፣ እናት አባቱ ሞተው አያቱ የምታሳድገው፣ በሠራተኝነት ገብታ ገና 18 ዓመት ያልሞላት። ስንዞር በአንድ ቤት ስንት ልጅ አለ ብለን ጠየቅን፣ ሦስት ተባልን። ቡና ያቀረበችልን ልጅ አራተኛ ነበረች። እሷ አልተቆጠረችም። እንዲህ ያሉትን ደብቃችሁ አትለፉ፤ ለመዝጋቢዋ ግልጹን ንገሯትና በምን መልክ እንደሚገቡ ጠይቁ። ተጨማሪ መዋጮ አለበት ከተባለ ተጨማሪው ይከፈል። እንጀራችሁን የምትጋግር ልጅ ስትታመም ወደ አገሯ መላክ መፍትሔ አይሆንም።

ስለ አሠራሩ ባጭሩ ልበል። ሕክምና የሚጀመረው በጤና ጣቢያ ነው፤ ሆስፒታል የሚኬደው ሪፈር ተጽፎ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም። ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያልታደሰ ደብተር ባዶ ወረቀት ነው።

መዝጋቢዋ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ አዳራሽ ትቀመጣለች። የቤተሰቡን ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ መታወቂያና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ይዛችሁ ኑ፤ የልደት ማስረጃ የሌለው የክትባት ካርዱን ይዞ ይምጣና ይጠይቅ። ፎቶግራፍ ማስነሻ ያጠረው ቤተሰብ ለእኔ ይንገረኝ፤ ከማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈን ኮሚቴው ተስማምቷል። ዳገቱን መውጣት ለሚያቅታቸው እማማዎችና አባባዎች ወጣቶቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ። የእድሩን መዝገብም ይዤ እዚያው እቀመጣለሁ፤ ስም በስም እናመሳክራለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ