ጨዋታ ለመማር ኮሌጅ ይገባል ወይ?

(በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ዓመታዊ ምሽት ላይ በቤር ሼቫ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ እዚህ የቆምነው በዚህ ከተማ የጌም ሥዕል የምንማር ጥቂት ተማሪዎችን ወክለን ነው። ድምፁ የአንድ ሰው ቢሆንም ነገሩ የሁላችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን።

ከእናንተው ጥያቄ እንጀምር። ጥያቄውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዓርብ ማታ እራት ላይ፣ በሠርግ፣ በልቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቀናል። «ልጄ፣ ምን ትማራለህ?» «ጌም።» «ጌም ማለት?» «የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት።» ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የሚመጣው፦ «ጨዋታ ለመማር ደግሞ ኮሌጅ ይገባል ወይ? ጨዋታማ እኛም ሳንማር ተጫውተናል!»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ወላጆቻችን በጽዳት፣ በፋብሪካ፣ በጥበቃ ሥራ ሲደክሙ የኖሩት ልጆቻቸው ለቁም ነገር እንዲበቁ ነው። ነርስ ምን እንደምትሠራ፣ መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። የጌም ሠዓሊስ? ይህንን ዛሬ እንነግራችኋለን፤ ከዚያም ከእናንተ በቀር ማንም ሊሰጠን የማይችለውን አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን።

አንድ ጌም ስትከፍቱ የምታዩት ነገር ሁሉ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ የቤቱ በር፣ የልጁ ጫማ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ሰው የሠራው ነው። ራሱ የበቀለ ሣር አንድም የለም። ሥራችን ይህ ነው። ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከእርሳስ ነው። የሰው አጥንትና ጡንቻ እንሥላለን። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላ የት እንደሚወድቅ፣ ሩቅ ያለው ነገር ለምን ትንሽ ሆኖ እንደሚታይ እንማራለን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፎቶሾፕ፣ ወደ ብሌንደር፣ ወደ ዩኒቲ የምንሻገረው። አንድ ገጸ ባሕርይ አምስት እርምጃ እንዲራመድ ለማድረግ አንድ ሳምንት ሙሉ የምንቀመጥበት ጊዜ አለ። ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ ነው? ደክሞታል ወይስ ቸኩሏል? ይህ ካልታየ ተመልካቹ አያምነውም።

ሥራችንን በክፍል ፊት እናቀርባለን፤ መምህሩም ጓደኞቻችንም ይተቹታል። በዕብራይስጥ «ቢኮሬት» እንለዋለን። ጠዋት ቢኮሬት ካለ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። ብዙዎቻችን ደግሞ ለኪራይና ለትምህርት ክፍያ ማታ ማታ በአስተናጋጅነት ወይም በጥበቃ እንሠራለን። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውላሉ የሚል ሰው ካለ አንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ይክረም፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ከትምህርቶቻችን አንዱ የጌም ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1958 በአሜሪካ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ፣ ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎች እንዳይሰለቻቸው ብሎ በትንሽ ክብ ስክሪን ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። መረቡ አንድ መስመር፣ ኳሷም አንዲት የብርሃን ነጥብ ነበረች። በ1962 ደግሞ ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በኤም አይ ቲ «ስፔስዋር» የሚባል የጠፈር መርከቦች ውጊያ ሠሩ።

ከሁሉም በላይ ልባችንን የነካው ግን የራልፍ ቤር ታሪክ ነው። ቤር በ1922 በጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በአይሁዳዊነቱ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በ1938 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ይህ ስደተኛ ልጅ አድጎ መሐንዲስ ሆነና በ1966፣ «ይህ በየሰው ቤት ያለው ቴሌቪዥን ከማየት ሌላ ምን ሊያገለግል ይችላል?» ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡንም በአራት ገጽ ጻፈው። ከዚያ ሐሳብ በ1972 በዓለም የመጀመሪያው የቤት ጌም መጫወቻ፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ ለገበያ ወጣ። ኦዲሲ ድምፅ አልነበረውም፣ ቀለምም አልነበረውም። ቀለም እንዲኖረው በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ሥዕል ያለበት ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍ ነበር። ዳይስና ካርታም አብሮት ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት አታሪ «ፖንግ»ን አወጣ፤ ነገሩም በየቡና ቤቱ ተስፋፋ።

ሌላው ጄሪ ላውሰን ነው። በኒው ዮርክ ብሩክሊን የተወለደ ጥቁር መሐንዲስ ነው። ከእሱ በፊት በቤት መጫወቻዎች ላይ የሚገኙት ጨዋታዎች በማሽኑ ውስጥ የተገጠሙ ነበሩ። በ1976 ላውሰን የመራው ቡድን «ፌርቻይልድ ቻነል ኤፍ»ን ሲያወጣ፣ ጌሙ ራሱ ያለበትን ካሴት እየቀያየሩ መጫወት ተጀመረ። ማሽኑን አንዴ ገዝቶ ጨዋታውን ለብቻ የመግዛት ነገር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቻችን ይህንን ስም እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

ሦስተኛው ነገር የችግር ጥበብ ነው። በ1981 ሺገሩ ሚያሞቶ ለ«ዶንኪ ኮንግ» አንድ ሰውዬ መሣል ነበረበት። የነበረው ቦታ ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። አፍ ለመሣል ስለማይበቃ ጢም አደረገለት። ፀጉር አስቸጋሪ ስለሆነ ኮፍያ ደፋለት። እጁ ሲንቀሳቀስ ከሰውነቱ እንዲለይ የሥራ ቱታ አለበሰው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ማሪዮ መልኩን ያገኘው ከእጦት ነው። በ1984 ደግሞ አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ «ቴትሪስ»ን ሲሠራ ኮምፒውተሩ ሥዕል የሚባል ነገር አያወጣም ነበር፤ የሚወድቁትን ጡቦች በቅንፍ ምልክቶች ሠራቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። 1984 ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ፓጂትኖቭ ጡቦቹን ሲደረድር ከእናንተ ብዙዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥታችሁ በእግር ወደ ሱዳን ትጓዙ ነበር። በኖቬምበር የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው እዚህ አገር ገባ፤ በሚቀጥለው ወር «ሶኒክ» የሚባለው ታዋቂ ጌም ወጣ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየናል። የጌም ታሪክ ሲሠራ የእኛ ሰዎች ሌላ መንገድ ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጌም ውስጥ የእኛ ቤት፣ የእኛ ልብስ፣ የእኛ ፊት ባይኖር አያስገርምም። አሁን ግን እኛ እዚህ ነን፤ እርሳሱም በእጃችን ነው። አሁንም ከሌለ ምክንያቱ ምን ሊሆን ነው?

ደግሞስ ጨዋታ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ገበጣ አለ። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ ሕጉን በልብ ይዞ መጫወት። ጥሩ ገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን ሳይነካ በዓይኑ ቆጥሮ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ያውቃል። መምህሮቻችን የጨዋታ ሕግ ቀላል፣ መጨረሻው ግን የማይታወቅ መሆን አለበት ሲሉን ትዝ ያለን ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ገበጣን ለስልክ ሠርቶታል፤ «ኩኩሉ» የሚባል በዶሮ ሩጫ ላይ የተመሠረተ ጌምም አለው።

ስፌቱንም ተመልከቱ። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ በወስፌ እየወጉ፣ እየጠቀለሉ፣ ቀለሙን ይቆጥራሉ። ቀዩ ይህን ያህል፣ ጥቁሩ ይህን ያህል። ሥዕሉ ወረቀት ላይ የለም፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። እኛ «ፒክሰል አርት» ብለን የምንማረው ትንንሽ ነጥቦችን እየቆጠሩ ሥዕል ማውጣት ነው። ጥልፍም እንዲሁ ነው። እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር ነው ኮሌጅ ገብተን የምንማረው።

በፊደላችንም ሞክረነዋል። በ1983 በጃፓን የወጣው የኔንቲንዶ መጫወቻ ለጀርባው ሥዕል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ትንንሽ ሥዕሎች ነበር፤ እያንዳንዱ 8 ነጥብ በ8 ነጥብ። ፊደላችን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። ስለዚህ በዚያ ማሽን አማርኛ የሚናገር ጌም ቢሠራ ለሰማዩ፣ ለመሬቱ፣ ለቤቱና ለቁጥሮቹ ሁሉ የሚተርፈው 25 ቦታ ብቻ ነው! በዚህ ገደብ ፊደሉን እየሣልን አየነው። «ሰ» ይገባል፤ «ሸ» ግን ከላይ መስመር ስለሚጨመርበት እግሩ ማጠር አለበት። «ጨ» በጣም አስቸገረን፤ ቀለበቶቹ ከእግሮቹ ጋር ይጣበቃሉ። አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ጓደኞቻችን በዚህ ምክንያት ፊደል ቆጠሩ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ አማርኛ የምትጽፉት በእሱ ነው። በር ተከፍቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ሠዓሊ ከባዶ አይሥልም፤ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ለመሣል የፈለገ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ሺህ ፎቶ ያገኛል። እኛ ጎንደር ገጠር ያለ የቤተ እስራኤል መንደር ለመሣል ስንነሣ ጥቂት ፎቶዎች አገኘን፤ አብዛኞቹ ከውጭ የተነሡ ናቸው። መምህሩ ይጠይቀናል፦ «ውስጡ ምን ይመስላል? እሳቱ የት ነው? ጭሱ በየት ይወጣል? ልጆቹ የት ይተኛሉ?» መልሱ ኢንተርኔት ላይ አልነበረም። ብዙዎቻችሁ ስትመጡ ፎቶ ይዛችሁ አልመጣችሁም፤ ልጅ አዝላችሁ ነው የመጣችሁት።

ስለዚህ ወደ ቤት ይዘነው ሄድን። ጉልቻው የት እንደሚቀመጥ፣ መደቡ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ እንስራው የት እንደሚደገፍ እናቶቻችን ነገሩን። አንዷ ጓደኛችን ብረት ቀጥቃጭ በአኒሜሽን ለመሥራት ፈለገች። ወናፍ አይታ አታውቅም። በሰፈሯ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው በባዶ እጃቸው አሳይዋት፦ ሁለት አቁማዳ፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል፤ አየሩ አይቋረጥም። እሷ በስልኳ ቀረጸቻቸው፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ቆጥራ ሣለችው። ሥራው ክፍል ውስጥ ሲታይ ማንም «ይህ እውነት አይመስልም» አላለም። የሽማግሌው እጅ እዚያ ውስጥ አለ።

የምንለምናችሁ ይህንኑ ነው። ቁጭ በሉና ንገሩን። በአማርኛችን «ተጫወቱ» ሲባል አውሩ ማለትም አይደለም እንዴ? እንጫወት። ስለ ጀግንነት ብቻ አይደለም የምንጠይቃችሁ፤ ስለ በሩ፣ ስለ ውኃው መንገድ፣ ስለ በጉ ቀለም ነው። በወር አንድ ማታ ማኅበሩ ክፍሉን ይክፈትልን፤ እኛ ወረቀትና እርሳስ፣ ለሚፈቅድም የድምፅ መቅጃ እናመጣለን። ይህ የሚቸኩል ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየዓመቱ በልቅሶ ቤት ስንገናኝ አንድ መንደር አብሮ እየተቀበረ ነው።

ለታናናሾቻችንና ለወላጆቻቸው ደግሞ እውነቱን መናገር አለብን። ይህ ሙያ እንጀራ አለው፤ ግን ቀላል እንጀራ አይደለም። በእስራኤል የጌም ኩባንያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ያሉት በቴል አቪቭና በሄርጽሊያ አካባቢ እንጂ እዚህ ደቡብ አይደለም። በ2023 እና በ2024 በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ የጌም ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። ሙያው ከዚህ በፊትም ወድቆ ያውቃል። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ሲፈርስ አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ጭኖ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ቀበራቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙያው እንደገና ተነሣ። ቀጣሪ የሚያየው ዲፕሎማውን ብቻ አይደለም፤ የሥራ ማኅደራችንን፣ «ቲክ አቮዶት» የምንለውን ነው። መሣል የተማረ ሰው ደግሞ በማስታወቂያ፣ በፊልም፣ በሕክምናና በሥነ ሕንፃ ሥራም ይፈለጋል። ስለዚህ ጌም መጫወት ስለወደድክ ብቻ አትምጣ፤ መሣል ከወደድሽ፣ ቢኮሬት ከቻልሽ፣ ነይ። ብሌንደር በነፃ ይገኛል፤ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ባግሩቱን ግን ጨርሱ!

ወላጆቻችን፣ «ጨዋታ ለመማር ኮሌጅ ይገባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አዎ፣ ይገባል። ግን ኮሌጁ የሚያስተምረን እንዴት እንደሚሣል ነው። ምን እንደሚሣል የምታውቁት እናንተ ናችሁ።