ስለ አሮጌ ጩቤዎችና ስለ ሠሯቸው እጆች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሽ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ እርሻና ስለ ጤና ብዙ ጠቃሚ ነገር አሰምተውናል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን በመጀመሪያ ሲሰሙት ሳያስደነግጥ አይቀርም፤ የምናገረው ስለ ጩቤ ነውና። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩዋቸው ሰባት ስለቶች በርእሰ መምህሩ ፈቃድ የመጡ ናቸው። እያንዳንዳቸውም ለዛሬ ብቻ በየአፎታቸው ገብተው በገመድ ታስረዋል፤ ስለዚህ ማንም አይስጋ።

«በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ እንዴት የጦር መሣሪያ ይሰበስባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሰይፉንም ማረሻውንም የሚቀጠቅጠው አንድ ሰው ነው። ዛሬ በእውነቱ የምናገረው ስለዚያ ሰው ነው።

አስቀድሜ ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ልበል። አገራችን ብዙ ዐይነት ስለት አላት። ሾተል የሚባለው እንደ ማጭድ እጅግ የጐበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው። መጕበጡም ለጌጥ አይደለም፤ የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከጋሻው በስተኋላ ያለውን ሰው ለማግኘት ነው እንጂ። የኢትዮጵያ ወታደር ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ ስለ ነበረ፣ የአውሮፓ ተጓዦች በዚህ ተደንቀው ጽፈዋል። ጐራዴ ደግሞ ጕብጠቱ አነስ ያለ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከነበሩት ጐራዴዎች የብዙዎቹ ስለት የመጣው ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ከተማና ከእንግሊዝ አገር ነበር፤ በአንዳንዱም ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሕፈት ይታያል። እጀታውንና አፎቱን ግን ብዙ ጊዜ የሚያበጀው የአገራችን ባለ እጅ ሲሆን፣ እጀታው ከጐሽ ወይም ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር።

ከእኛ ከስምጥ ሸለቆው ሰዎችም ዘንድ ብዙ አለ። አዋሽን ተከትለን ወደ ቈላው ብንወርድ የአፋሩን ጊሌ እናገኛለን፤ ይህም ወገብ ላይ የሚታጠቁት፣ በሁለት ወገን የተሳለና የጐበጠ ጩቤ ነው። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ደግሞ እንደ አምባር በእጅ አንጓ የሚጠለቅ፣ ዙሪያውን የተሳለ ቢላዋ አላቸው። በየቤታችን ሥጋ የሚቈረጥበት ካራም ቢሆን ከዚሁ ዘር ነው።

አሁን መሰብሰብ እንዴት እንደ ጀመርሁ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በሻሸመኔ ገበያ ውስጥ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥ ሰው ላይ እጀታው የተሰነጠቀ ጩቤ አየሁ። ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሌና ከወላይታ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ከየአገሩ የመጣ ዕቃ በገበያዋ አይጠፋም። የሦስት ወር የኪስ ገንዘቤን ከፍዬ ገዛሁት። በዕረፍት ጊዜም ከአርሲ ነገሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደር ለሚኖሩት አያቴ ወስጄ አሳየኋቸው።

አያቴ ቀጥቃጭ ናቸው። ይህን ቃል በዚህ አዳራሽ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በአማርኛ ጠይብ፣ በኦሮምኛ ቱምቱ ይባላሉ። እኔም እዚህ በገባሁ ጊዜ ጓደኞቼ «አያትህ ምን ይሠራሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ገበሬ ናቸው» እያልሁ እመልስ ነበር።

አያቴ ጩቤውን ተቀብለው በጥፍራቸው መቱትና ድምፁን አዳመጡ። ከዚያም ወደ ብርሃን ዘወር አድርገው ጥቂት ካዩት በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ይህ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው። ሠሪው ግራኝ ነው፤ የመዶሻው ምት የተጋደመበትን ተመልከት። ውኃ ሲያጠጣው ቸኵሏል፤ ጫፉ ላይ ፀጕር የምታህል ስንጥቅ አለች።» እኔ ያየሁት አንድ አሮጌ ብረት ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሰውየውን አዩት።

ቀጥለውም «ስንት ከፈልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ሣቅ አሉና «ድሮም እንዲህ ነበር፤ ጩቤውን ይወዱታል፣ ገንዘብም ይከፍሉበታል። ከሠራው እጅ ጋር ግን እንጀራ አይቈርሱም» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዱ እኔው ራሴ እንደ ሆንሁ ገብቶኝ ነበርና።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። አያቴ ስለቱን ውኃ በሚያጠጡበት ጊዜ የጐጆውን በር ይዘጋሉ። መንደርተኛውም «በጨለማ የሚሠራው አስማት ስለሚደግም ነው» ይል ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን ራሴ መረመርሁት። በፊዚክስ ትምህርታችን ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል በማግኔት መሳቡን እንደሚያቆም ተምረናል፤ ስለትም የሚጠነክረው ከዚህ ጥቂት ከፍ ካለ ግለት ላይ በድንገት ሲቀዘቅዝ ነው። እንግዲህ መምህሬን አስፈቅጄ አንድ ማግኔት ተዋስሁና በሽቦ አስሬ ወደ አያቴ ወናፍ ሄድሁ። አያቴ የብረቱን ቅላት እያዩ «ገና ነው» ባሉ ጊዜ ሁሉ ማግኔቱ ይሳብ ነበር፤ «አሁን!» ባሉ ጊዜ ግን ማግኔቱ ዝም አለ። አያቴ ቴርሞሜትር የላቸውም፤ ያላቸው ዐይናቸው ነው። የብረት ቅላት ደግሞ በፀሐይ ብርሃን በደንብ አይለይም። በሩ የሚዘጋው ስለዚህ ነው። አስማቱም ይኸው ነው።

ውኃ የጠጣው ስለት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን መልሰው በቀስታ ያሞቁታል። በዚያን ጊዜ በተወለወለው ብረት ላይ የጭድ የሚመስል ቢጫ ቀለም ብቅ ይላል፤ እርሱም ከ200 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ይህን ትምህርት አያቴ ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው ተቀበሉት እንጂ በመጽሐፍ አላገኙትም።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እስቲ እንመልከት። በአሜሪካ አገር ጄምስ ቦዊ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1827 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በተነሣ ጠብ በትልቅ ቢላዋ ተዋግቶ ስሙ ወጣ፤ በ1836ም በቴክሳስ በአላሞ ምሽግ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «የቦዊ ቢላዋ» የሚባለው እጅግ ስለ ተፈለገ በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ ሠራተኞች ጭምር እየሠሩ ይልኩ ነበር። ብዙ ደምም ፈሰሰበት፤ የአላባማ ግዛት በ1837 በሽያጩ ላይ መቶ ዶላር ቀረጥ እስከ መጣል ደርሷል። ዛሬ ግን ያ ቢላዋ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል፤ ሰብሳቢውም በመጀመሪያ የሚፈልገው በስለቱ ላይ የተመታውን የሠሪውን ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ ስለት ሠሪዎች ማኅበርም አባሎቹን ይፈትናል። የተፈታኙ ቢላዋ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቍረጥ፣ እንጨት መክተፍ፣ ከዚያም በኋላ ፀጕር መላጨት አለበት፤ በመጨረሻም በማሰሪያ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ሊሰበር አይገባውም። ፈተናውን ያለፈ ሰው የክብር ማዕርግ ይሰጠዋል። እዚያ ማዕርግ የሚያሰጠው ያው ሙያ እዚህ ስድብ ማትረፉ አያሳዝንምን?

በአገራችንም ቢሆን ይህን የተረዱ መሪዎች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከሚሲዮን የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆችን ከአገራችን ሠራተኞች ጋር አሰልፈው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ባለ እጅን በሙያው ምክንያት እንዳይሰድብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኔ ግን በዚህ ግቢ ውስጥ አያቴን ደብቄአቸው ኖርሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ስሕተቴ ልናዘዝ። ሁለተኛው ዕቃዬ አሮጌ የጐራዴ ስባሪ ነበር። ዝገቱ አላስደሰተኝምና ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ወለል ብሎ በራ! በደስታ ወደ አያቴ ይዤው ስሄድ በጣታቸው ዳበስ አድርገው «እዚህ ላይ ጽሕፈት ነበረ፤ አፉን ዘጋኸው» አሉኝ። ያ ጐራዴ የት ተሠራ? የማን ነበረ? ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ እንደ እኔ መሰብሰብ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የተማርሁትን ላካፍላችሁ። አሮጌን ስለት አትፈትጉ፤ በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት ዘይት መቀባት ይበቃዋል። ቈዳ እርጥበት ስለሚይዝና ብረቱን ስለሚበላ ስለቱን በቈዳ አፎት ውስጥ ከታችሁ አታኑሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብተር ይኑራችሁ፤ ዕቃው የት እንደ ተገኘ፣ በአካባቢው ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ ማን እንደ ሠራው ጻፉ። ደብተር የሌለው ስብስብ የብረት ክምር ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በዐዋጅ ቍጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ይህ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ መቅደላ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ አምባ ብዙ መጽሐፍ፣ መስቀልና የጦር ዕቃ ይዞ ሄዷል፤ ከብዙ ጥቂቱ፣ አንድ ጋሻ ጭምር፣ በ2021 ወደ አገሩ ተመልሷል። ሄዶ የሚመለስ ዕቃ ትንሽ ነው፤ ለመመለስም ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። አንድ ሰይፍ ለአንዱ ቤት ክብር ሲሆን ለሌላው ቤት ቍስል ሊሆን ይችላል። በዚህ በቆምንበት በአርሲ ምድር እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰው አልቋል፤ የዚያም ትዝታ በየቤቱ አለ። ስለዚህ ሰብሳቢ የጀግንነቱን ወሬ ብቻ ሳይሆን የልቅሶውንም መመዝገብ ይገባዋል። በዚሁ በአርሲ ምድር ደግሞ ሴቶች የሚይዙት ሲንቄ የሚባል በትር አለ። ሲንቄ የያዙ እናቶች በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ መብረድ አለበት፤ በእነርሱ ላይ አልፎ የሚመታ ነውረኛ ነው። ስለት የሌለው በትር ስለቱን ሁሉ ያስቆመዋል። በስብስቤ ውስጥ ሲንቄ የለም፤ ጌጥ ሊሆን አይገባውምና። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን የጻፍሁት ስለ ሲንቄ ነው።

ንግግሬን ልፈጽም። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የየሕዝቡ የእጅ ሥራ በክብር ተቀምጦ ይታያል። የእኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሙዚየም ባይኖረው አንድ ቁልፍ ያለው የመስታወት ሣጥን ሊኖረው ይችላል። ሰባቱን ዕቃዎቼን ከነደብተሩ ለትምህርት ቤቱ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ የምጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ዕቃ በታች በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የታጣቂው ስም ከመጻፉ በፊት የሠሪው ስም ይጻፍ፤ ስሙ ባይታወቅ «ቀጥቃጭ ሠራው» ይባል። ከስለቶቹም አጠገብ አንድ ማረሻ ይቀመጥ። ማረሻውን አያቴ ሠርተው አምጥተውታል፤ እነሆ፣ ከጠረጴዛው ዳር ያለው እርሱ ነው።

አያቴም ዛሬ በመካከላችሁ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠዋል። ወደዚህ ግቢ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ከንግግሩ በኋላ ምሳ አለ። ወደ እርሳቸው ሄዶ ከአንድ ገበታ እንጀራ ለሚቈርስ ሰው ሁሉ፣ ይህን ንግግር ከልቡ እንደ ሰማልኝ እቈጥርለታለሁ።