ሰማይ ላይ ያለው ካሜራ ለእኛ ምን ይሠራል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ገንዘብ ሲወጣ «ምን ያስገኛል?» ብለን እንጠይቃለን። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅም ብዙዎቻችን ይህንኑ ጠይቀናል። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት።

እንዲህ ያለች ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ምድር ወደ ራሷ ትስባታለች፤ ፍጥነቷ ግን ወደ ጎን ስለሚወስዳት ሳትወድቅ ትዞራለች።

ካሜራዋ የሚያየው እኛ የማናየውን ጭምር ነው። ጤነኛ ቅጠል ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ ውኃ የጠማው ቅጠል የሚመልሰው ያንሳል። ልዩነቱ ሲለካ ድርቁ ጎተራ ሳይደርስ፣ ገና ማሳ ላይ ሳለ ይታወቃል።

ነገር ግን ፎቶ እንጀራ አይሆንም። ከመካከላችን ለዘር ተበድረው ዝናቡ የቀረባቸው አሉ፤ ዕዳው ግን አልቀረላቸውም። መረጃው በጊዜ ካልደረሰን ካሜራው ለእኛ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የዘር ብድር ከመፍቀዳችን በፊት የወቅቱን የዝናብ ትንበያ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ፤ የመክፈያ ጊዜውንም በዚያው ልክ እንወስን። ግብር ከፋዮች ነንና መጠየቅ መብታችን ነው።