ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ዕድርተኞች ሰው ሲሞት እናውቅበታለን። ጥሩንባ ሲነፋ ነፋስ መውጫ ላይ ማን ይቀራል? ከስማዳም ከእስቴም ለቅሶ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ግን ድንኳኑን ጠቅልለን ወደየቤታችን ነው።

አምና ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናታችን አሉ። አንዱ ልጃቸው መተማ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናት። ከአርባው በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ተዉ፤ ቡና ማፍላቱንም ተዉ፤ እህልም አስጠላቸው። እኛም «እርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል» አልን። ስናገኛቸውም «አይዞዎት እማማ፣ አያልቅሱ» ብለን እናልፋለን። ለካ አፋቸውን የምንዘጋባቸው እኛው ኖረናል! አንዲት ነርስ አጠገባቸው ተቀምጣ ብትጠይቃቸው ጆሯቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለውን ስለማይሰሙ አፍረው ቀርተዋል። የባላቸውን ስም የሚያነሣላቸው ሰው ደግሞ ጠፍቷል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚባለውም ሥራው በዚሁ ይጀምራል። የእብድ ሐኪም የሚመስለን ብዙ ነን፤ አይደለም። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፤ ሐዘኑን ከድባቴ፣ ድባቴውንም ከመርሳት በሽታ ይለያል፤ መድኃኒት የሚያሻውን ወደ ሐኪም ይልካል። ድባቴ የሽምግልና ዕጣ አይደለም፤ የሚታከም በሽታ ነው።

ባለሙያው የት አለ ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ለገጠሩ ሩቅ ነው። ዚምባብዌም ይኸው ችግር ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እዚያ አገር በሽታውን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ እኛ «ሐሳብ ገባው» የምንለው ነው። በ2016 የወጣው ጥናት እንደመሰከረው፣ ከአያቶቹ ጋር የተጫወቱት ሕመምተኞች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ቀለል ብሏቸው ተገኙ። ልብ በሉ፣ አሮጊቶቹ እዚያ ረጂዎች ናቸው እንጂ ተረጂዎች አይደሉም።

ስለዚህ ከአርባው በኋላ ሁለት ሁለት አባል በየሳምንቱ ሐዘንተኛውን ይጎብኝ እንላለን። ምጽዋት ይዞ ሳይሆን ጊዜ ይዞ። የሟቹን ስም አንሡ፤ ሲያለቅሱ ዝም በሉ። እኛ ወንዶቹ ደግሞ ሐዘናችንን በአረቄ እንጂ በአፍ አናወጣም፤ እኛም ጠያቂ ያሻናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍና እህል እምቢ ያለው፣ ይልቁንም «በሞትኩ» የሚል ሰው ቢገኝ ግን የጎረቤት ጨዋታ አይበቃውም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ከተላከም የመሳፈሪያው ገንዘብ ከዕድሩ ሣጥን እንዲወጣ ዛሬ ይወሰንልን።

ለመጎብኘት ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ። እማማም ተመዝግበዋል፤ የሚሄድ ሰው በደኅናው ጆሯቸው፣ በቀኝ በኩል ይቀመጥ።